የአራት ቁጥር ዋስ

የልጄን ጋዋን ሳጥብ ከሳፋው ጠርዝ ጋር ቀጭ የሚል ነገር ሰምቼ ነበር። ቁልፉ ነው ብዬ አለፍኩት። አሽቼ፣ አለቅልቄ፣ ጨምቄ፣ ገመዱ ላይ ልሰቅለው ሁለተኛውን መቆንጠጫ ስፈልግ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ጋዋኑን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ቁልፎቹ ፕላስቲክ ናቸው። ፕላስቲክ እንደዚያ አይጮህም።

እርጥቡ ኪስ ውስጥ እጄን ስሰድ ቀዝቃዛ ነገር ጣቴን ነካኝ። ከሳንቲም ትንሽ ተለቅ የምትል፣ ጫፏ ላይ የተበሳች የናስ ክብ ናት። መሐሏ ላይ «4» ተቀርጿል።

ምን እንደሆነች አውቃለሁ። ልጄ የምትሠራው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የማንደጃና የማሞቂያ ላብራቶሪ ነው፤ ቦይለርና ምድጃ የሚፈተንበት፣ ማሞቂያ የሚገጥሙና የሚጠግኑ ሠራተኞችም የሚሠለጥኑበት ትልቅ አዳራሽ። ስድስት ቦይለሮች በተርታ ቆመዋል፤ እያንዳንዱ የራሱ ጭስ ማውጫ አለው። ቱቦው የሚያፈስ መሆን አለመሆኑን ለማየት አንዳንዴ ጭስ ማውጫውን በጎማ ውታፍ ይደፍኑታል። ያን ጊዜ የደፈነው ሰው ግድግዳው ላይ ካለው ሰሌዳ የዚያን ቦይለር ናስ አውርዶ ኪሱ ይከታል። ውታፉን ሲነቅል መልሶ ይሰቅላታል። ሚስማሩ ባዶ ከሆነ ቦይለሩ አይለኮስም። ናሷን «ዋስ» ይሏታል። ሥራ በጀመረችበት ሰሞን እንቅልፍ እንዲወስደኝ ብላ «እማዬ፣ ዋስ የሌለው እስረኛ አይፈታም፣ ዋስ የሌለው ቦይለርም አይለኮስም» ብላኝ ነበር።

አሁን የአራት ቁጥር ዋስ መዳፌ ላይ ናት። ሳሙና ሳሙና ትሸታለች።

ጋዋኑን እጠቢ ያለኝ ሰው የለም። ትናንት ማታ ክንዷ ድረስ በጥላሸት ተለውሳ ገባች። እኔ ደግሞ ጥላሸት በቆዳ ገብቶ ከዓመታት በኋላ በሽታ ሆኖ ይወጣል የሚል ነገር አንብቤ ስለነበር፣ ሲነጋጋ ተነሥቼ ጋዋኑን ከማንጠልጠያው አወረድኩና በቦታው ንጹሑን ሰቀልኩ። ዓይኗ ሳይገለጥ ለብሳው ወጣች። ማታም ቢሆን ተረጋግታ ሥራዋን እንድትጨርስ አላደረግኳትም፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በጥበቃው ስልክ አራት ጊዜ ደውዬ አዋክቤ ነው ያስመጣኋት። አባቷ «አንቺ እኮ ደመና ሳታዪ ጎርፍ ትጠርጊያለሽ» ይለኛል።

ሰዓቱን አየሁ። ለአራት አሥር ጉዳይ። ዛሬ ሥልጠና ነው። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ አሥራ አራት ሠልጣኞች ፊት ቦይለር ይለኮሳል፤ የሚለኮሰውም አሮጌው አራት ቁጥር ነው። አዳዲሶቹ ጭስ ወደ ኋላ ሲመለስባቸው በራሳቸው ይጠፋሉ። አራት ቁጥር ግን ያ ነገር የለውም። በየሰው ቤት የሚያጋጥማቸው እንዲህ ያለው ስለሆነ ለመማሪያ ብለው እንዳለ ትተውታል።

ለአንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ላስብ አልኩ። ዋሷ እዚህ ከሆነች ሚስማሩ ባዶ ነው። ባዶ ከሆነ አይለኩሱትም። ሥርዓቱ የወጣው ለዚህ ነው። ምናልባት ውታፉን ነቅላ፣ ዋሷን መስቀል ረስታ ይሆናል።

ደግሞስ በየትኛው ፊቴ እሄዳለሁ? ባለፈው ወር ምሳ ላደርስላት ሄጄ፣ ከጣሪያው ነጭ ነገር ሲወጣ አይቼ «እሳት!» ብዬ ጮኼ ነበር። ጥበቃው ደወሉን ደወለ፣ ያ ሁሉ ሰው ሥራውን ጥሎ ግቢው ላይ ፈሰሰ። የውሃ እንፋሎት ነው። የላብራቶሪው ኃላፊ ዶክተሩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እናትሽ ሁለተኛ ከዚህ በር እንዳያልፉ» አላት። ልጄ እስካሁን በጊዜያዊነት ነው የምትሠራው። ቋሚ ትሁን አትሁን በዚህ ወር መጨረሻ የሚወስነው እሱ ነው። የዚያን ዕለት ማታ እራቷን ሳትነካ «እማዬ፣ እዚያ በር ላይ ድጋሚ ባይሽ ሥራውን ጥዬ የምወጣው እኔው ራሴ ነኝ» አለችኝ። የአባቴ አጥንት ይውጋኝ ብዬ ማልኩላት።

ሳፋው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ጋዋኑ ባንድ መቆንጠጫ ተንጠልጥሎ ይንጠባጠባል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ከአምስት ቁልፍ አንዱ ቢጠፋ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። የሚመስለውን ፈልጌ እተክልበታለሁ። ሰው እየጠበቀ ጎዶሎ ነገር ጎዶሎ ሆኖ አይውልም። እነዚያስ አሥራ አራት ሰው አቁመው ባዶ ሚስማር ሲያዩ ይውላሉ?

ተነሣሁ።

ላብራቶሪው ውስጥ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ሁሉም በሩ ላይ ያለ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል። የልጄ ስልክ ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም አለ። የጥበቃውን ደወልኩ።

«ሄሎ?»

«ልጄ ልትሞት ነው!»

ሲተነፍስ ይሰማኛል።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ።»

«አልሰማኸኝም? አስወጣቸው! ሁሉንም አስወጣቸው!»

«ዛሬ ደግሞ ምን ተቃጠለ?»

«አልተቃጠለም፣ ገና ነው፣ ጭሱ—»

«ጭስማ ሥራቸው ነው እማማ። ዳቦ ቤት ገብተው ዳቦ ሸተተኝ ብለው ይጮኻሉ?»

«የኔ ወንድም፣ በልጆችህ ይዤሃለሁ—»

«እሺ፣ እሺ። እነግራቸዋለሁ።» ዘጋው።

ያቺን «እሺ» አውቃታለሁ። ባሌ የኩሽናውን ቧንቧ አጥብቅልኝ ስለው የሚላት ናት። ቧንቧው ዛሬም ያንጠባጥባል።

ጥፋቱ የኔ ነው። «ዋሷ እኔ ጋ ናት» ብል ኖሮ አራት ቃል ነበር። እኔ ግን ወሬ ስጀምር ሁሌም ከሞቱ ነው የምጀምረው። ድጋሚ ደወልኩ። አያነሣም። ዋሷን ጨብጬ፣ በቤት ነጠላ ጫማዬ፣ ሽርጤን ሳልፈታ ወጣሁ።

አውቶቡሱ ቶሎ መጣ። ደስ ሲለኝ መስቀለኛው መንገድ ላይ ጎማው የፈነዳ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ አገኘነው። አራት ሰዓት ከአሥር። ሹፌሩ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ያፏጫል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ጭብጤን አይታ «ምነው እናቴ፣ አመመዎት?» አለችኝ። «ጭስ ማውጫ ተደፍኖ» አልኳት። ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

አራት ሰዓት ከሩብ ሲል «በሩን ክፈትልኝ» አልኩት ሹፌሩን።

«ፌርማታ አይደለም።»

«እኔስ ቆሜያለሁ እንዴ?»

ከፈተልኝ። ሮጥኩ። እኔ በሃምሳ አንድ ዓመቴ፣ አንድ ነጠላ ጫማዬ እየወለቀ፣ በየሱቁ ደጃፍ ያለው ሰው ዞር ዞር እያለ እያየኝ ሮጥኩ። በልቤ ሁለት ነገር ነበር። ምንም ባይሆን፣ ልጄን በእጄ ከእንጀራዋ ላፈናቅላት ነው። ከሆነ ደግሞ... ያንን አልጨረስኩትም። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ጥግ ላይ ስደርስ ከጣሪያው ጭስ ይወጣ እንደሆን ቀና ብዬ አየሁ። ከስድስቱ ቱቦዎች ከአንዱም አይወጣም። ለኩሰው ከሆነ ጭሱ የት ሄደ?

ጥበቃው ሁለት እጁን ዘርግቶ በሩ ላይ ቆመ።

«እማማ! እንደማይመጡ ለልጅዎ ምለው አልነበር እንዴ? እኔን በገዛ እጅዎ ሊያስባርሩኝ ነው?»

ልናገር አልቻልኩም። ሳንባዬ እንደ ወናፍ ይነፋል። መዳፌን ዘረጋሁለት።

ናሷን አነሣት። ገለበጣት።

«ይቺን ከየት አመጧት?»

«ኪስ» አልኩ። «ጋዋን። አጠብኩት።»

«ተሰቅላለች እኮ። አራት ቁጥር ተሰቅላለች፣ ጠዋት ራሴ...» ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። «ካርቶን ናት» አለ። «ካርቶኑን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ከአምፖል ማሸጊያ ቀድጄ።»

ያ ሰው ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ከወንበሩ ሲነሣ እንኳ በሦስት ጊዜ ነው። ዘሎ የአዳራሹን በር በትከሻው ከፈተው፤ እኔም ተከተልኩት።

ውስጡ ሞቅ ያለ፣ ዝም ያለ ነው። ነፋስ ልኬታቸውን እንዳያዛባ መስኮቶቹን ሁሉ ዘግተዋል። በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ፣ መርዘኛ ጋዝ ሲኖር የምትጮኽ ነጭ ሳጥን አለች። ቀይ መብራቷ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ድምፅ ግን የላትም።

«እማማን ዘግተዋታል!» ብሎ ጮኸ ጥበቃው። ስለ እኔ የሚናገር መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳጥኗን ነው።

ሠልጣኞቹ አራት ቁጥርን ከበው ቆመዋል። አንዱ መሬት ላይ ተቀምጦ ግንባሩን ያሻል። ዶክተሩ በቦይለሩ ትንሽ መስኮት የሚታየውን ነበልባል በእስክሪብቶው ያሳያል።

«ቅድም ሰማያዊ ነበር። አሁን ለምን ቢጫ ሆነ? እህ? ማን ይነግረኛል?»

ጥያቄው የከበዳቸው አይመስልም፤ ዓይናቸው ነው የከበደው።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ልጄ ከተወለደች ጀምሮ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ለዚህች ቀን ስጮህ ኖሬ፣ ቀኑ ሲመጣ ድምፄ እምቢ አለኝ። ጥበቃው ነው የጮኸው። ግድግዳው ላይ ያለውን ቢጫ እጀታ ጎትቶ ጋዙን ዘጋና «ውጡ! ሁላችሁም ውጡ! ዋሱ ውጭ ነው!» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?» አለ ዶክተሩ። «ያው እዚያ ተሰቅ—»

ጥበቃው ናሷን ከፍ አድርጎ አሳየው። ዶክተሩ አየ። የተቀመጠውን ልጅ ከብብቱ ሥር አንሥቶ ሌሎቹን ወደ በሩ መግፋት ጀመረ።

አንድ በአንድ ፊታቸውን አየሁ። ልጄ የለችም።

ከቦይለሮቹ ጀርባ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ትንፋሼን ይዤ ገባሁ። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ደብተር ይዛ ትጽፋለች።

«እማዬ» አለች። እዚያ በማየቷ እንኳ አልገረማትም። «ትንሽ ቆዪ። አንድ ቁጥር ነው የቀረኝ።»

ደብተሩን አየሁት። ከላይ ያሉት ቁጥሮች የልጄ ጽሑፍ ናቸው፣ እንደ መኪና ስፌት የተስተካከሉ። ወደ ታች እየዘመሙ፣ እየተለቁ፣ የመጨረሻው ከወረቀቱ ወጥቶ ጋዋኗ ላይ ተጽፏል።

ኮሌታዋን ይዤ ጎተትኳት። ጉልበቷ ታጠፈ። ኮሌታውን በእጥፍ ክር ሰፍቼው ነበር፤ ደግ አደረግሁ፣ ያዘልኝ። ትንፋሼ አለቀ፣ ወደድኩም ጠላሁም አየሩን ሳብኩት፤ ምንም አይሸትም። የሚያስፈራው እሱ ነው፣ ምንም አይሸትም። ዶክተሩ ተመልሶ መጥቶ በእግሯ በኩል ያዘልኝና ሣሩ ላይ አወጣናት።

የግቢው ክሊኒክ ውስጥ ኦክስጂን አደረጉላት። ከሠልጣኞቹ ሁለቱ አስመለሳቸው፣ ያ ተቀምጦ የነበረው ትንሽ ራሱን ስቶ ነቃ፤ ሌሎቹ ራስ ምታት ብቻ ነው። ነርሷ የልጄ ጣት ላይ የሆነ ነገር ቆንጥጣ ቁጥሩን አየችና «ተመስገን ነው። አሥር ደቂቃ ብትዘገዩ ኖሮ—» አለች።

«አትጨርሺው» አልኳት። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት።

ስምንት ሰዓት ገደማ ልጄ የፊት መሸፈኛውን ከፍ አድርጋ «ኪሴ ባዶ ነበር» አለች።

«ዝም በይ፣ ተንፍሺ።»

«ትናንት ሦስት ነው የዘጋሁት። ሁለቱን ከፈትኩ። አራት ቁጥርን አየሩን ይዞ ያድር እንደሆን ልይ ብዬ ተውኩት። ከዚያ ስልክ መጣ፣ ስልክ መጣ፣ ጥበቃው ኧረ እናትሽ ገደሉኝ አለኝ፣ ወጣሁ። ጠዋት ዶክተሩ ሚስማሩ ለምን ባዶ ነው አለ። ኪሴን ዳበስኩ። ባዶ ነው። እንግዲያው ከፍቼዋለሁ፣ ዋሱ የሆነ ቦታ ወድቆ ነው አልኩት። እርግጠኛ ነሽ? አለኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩት።»

«ጋዋኑን አጥቤው ነው» አልኩ።

አየችኝ። ጊዜ ወሰደባት።

«ማን አዘዘሽ?»

«ጥላሸቱ—»

«ማን አዘዘሽ እማዬ! የሥራ ልብሴ ነው! ስንቴ አትንኪብኝ ልበልሽ? እኔን አድናለሁ ብለሽ...» ሳል አቋረጣት። ነርሷ መጥታ መሸፈኛውን መለሰችላት። ከሥሩ መናገሯን ቀጠለች። ቃሉ አልተሰማኝም፣ ግን ሁሉም ገባኝ። ቀኝ እጇን ይዤ ተሰደብኩ። እጇን አልነጠቀችኝም።

ዶክተሩ መጣ። ከወንበር በቀር ሌላ ነገር ላይ የሚቀመጥ የማይመስል ሰው የባዶ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ሪፖርቱን እየጻፍኩ ነው» አለ። «ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ የኔ ነው፤ ከእሱ ነው የምጀምረው። ማስጠንቀቂያዋን ድምፅ የዘጋሁትም እኔ ነኝ። ሁለት ቁጥርን ስንፈትን ጆሮዬን በላችኝ፣ ዘጋሁና ረሳሁ። ቀጥሎ እርግጠኛ ነኝ ያለችው ትመጣለች።»

«ዶክተር፣ የቋሚነቷስ ነገር?» አልኩ። ልጄ ዓይኗን ጨፈነች።

«እናቴ፣ የኔም ቋሚነት ገና አልታወቀም።»

«እኔንም ጻፉኝ። አጣቢዋ እኔ ነኝ።»

«ቅጹ ላይ ለእናቶች የሚሆን መስመር የለም» አለ። ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ሊነሣ ሲል ልጄ መሸፈኛውን አወለቀችው።

«ዶክተር፣ ውታፉ አሁንም እዚያው ነው።»

«ነገ ሌላ ሰው—»

«የዘጋ ይከፍታል። ሕጉ የራስዎ ነው። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ሌላ ሰው ገብቶ ካርቶን ቢሰቅልስ?»

ዶክተሩ ነርሷን አየ፣ ነርሷ እኔን አየችኝ። አይሆንም፣ ወደ ቤት፣ ወደ አልጋ እንደምል ሁሉም ያውቃል። እኔም አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«መቼ ትነሣለች?» አልኩ ነርሷን።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ አዳራሹ ተመለስን። መስኮቶቹ ከረፋድ ጀምረው ተከፍተው ውለዋል። ዶክተሩ በእጁ የያዘውን መለኪያ በየጥጉ አዙሮ ዜሮ መሆኑን አሳየን፤ እኔ ሁለተኛ እንዲያዞር ጠየቅኩት፣ አዞረ። ልጄ ወደ ጠባቡ መተላለፊያ ገባች። ከኋላዋ ቆምኩ። ጭስ ማውጫው ላይ በወገብ ከፍታ ያለችውን ትንሽ የብረት በር ከፍታ፣ እጇን እስከ ትከሻዋ ሰዳ፣ ገመዱን ይዛ ሳበች። ጥቁሩ ጎማ ወጣ። ከእሱ ጋር ያደረ ጥላሸት እንደ ዶፍ ወረደ፤ ንጹሑ ጋዋን ላይ፣ አንገቷ ላይ፣ ፀጉሯ ላይ።

አፌን በእጄ ያዝኩ።

ዞር ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ዓይኗ ብቻ ነው ነጭ።

«ተናገሪ፣ ይውጣልሽ።»

«ምን ወጣኝ? ምንም አላልኩም።»

ዋሷን ከጥበቃው ተቀብላ ሚስማሩ ላይ ሰቀለቻት። ከአንድ እስከ ስድስት ጮክ ብላ ቆጠረች። ካርቶኑን ዶክተሩ ቀደም ብሎ ከሪፖርቱ ጋር ሊያያይዘው ፖስታ ውስጥ ከቶታል። ጥበቃው ደግሞ ወንበር ላይ ወጥቶ የነጯን ሳጥን ድምፅ ከፈተ። ለምን እማማ እንደሚሏት ያን ጊዜ ነው የጠየቅኩት።

ዶክተሩ ጫማውን አየ። ጥበቃው ከወንበሩ ሳይወርድ «በባዶ ሜዳ ስለምትጮህ ነዋ» አለ። ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንድ ቀን ደግሞ እንዲህ እውነቷን ይሆናል» አለ።

በሩ ላይ ስንደርስ ቁልፉን ይዞ ቆመ።

«ኪስ» አለ።

ልጄ የጋዋኑን ኪሶች ወደ ውጭ ገለበጠች። ባዶ። ዶክተሩ ሳይጠየቅ ገለበጠ፤ እስክሪብቶ፣ ጠመኔ፣ የከረሜላ ወረቀት። ጥበቃው ወደ እኔ ዞረ።

«እርስዎም እማማ። ለማንም አላዳላም።»

የሽርጤን ኪስ ገለበጥኩ። የአፍንጫ መሐረብና አንድ የልብስ መቆንጠጫ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ይዤው ዞሬያለሁ።

«ይኼስ የማን ዋስ ነው?»

«የጋዋኑ» አለች ልጄ። «ባንዱ ተንጠልጥሎ ቀርቷል ማለት ነው።» ትንሽ ፈገግ ያለች መሰለኝ፣ በጥላሸቱ ውስጥ ብዙም አይለይም።

ጥበቃው በሩን ሊገጥመው ሲል ከውስጥ ሳጥኗ ጢው አለች። አራታችንም ባለንበት ደረቅን። ዶክተሩ መለኪያውን ይዞ ተመልሶ ገባ። ስንጠብቅ የልጄ ጣቶች የኔን ሲፈልጉ ተሰማኝ። «ዜሮ ነው» አለ ሲወጣ። «ድምፅዋ ሲከፈት አንዴ ራሷን ትሞክራለች።» ይህን ያወቀው ዛሬ ይሁን ድሮ አልጠየቅኩትም። ማንም ግን ዝም አሰኟት አላለም።

ጥበቃው በሩን ገጠመ። ቁልፉን ሁለቴ አዞረው። ልማዴ ሆኖ ልሞክረው እጄን ስዘረጋ፣ የልጄ ጥቁር እጅ ቀድሞኝ እጀታውን ያዘና ሳበው፤ አንዴ፣ ከዚያ አንዴ ጠበቅ አድርጎ።

«ተቆልፏል» አለች።